የካዛንቺሷ አጫዋች

ካዛንቺስ የማያውቀው የሰው ጉዳይ የለም። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን የቀበሌ ቤቱን ሸንሽኖ እንዳከራየ፣ የማን ልጅ ቤሩት ሄዳ የማን ልጅ ሳይቀናት እንደተመለሰች ሰፈሩ በቃሉ ይዞታል። የጀማነሽ ሥራ ግን ግራ አጋባው። ጠዋት በስፖርት ጫማ ትወጣለች፤ ማታ ፊቷ በርበሬ መስሎ ትመለሳለች። ሯጭ ናት ያሉ ነበሩ፤ ስትሮጥ ያያት ግን የለም። የሆቴል ዳንሰኛ ናት ያሉም አልጠፉ፤ ለእነሱ እናቷ ሸዋአየሁ የሰጠችው መልስ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት እውነቱን ከራሷ ከሸዋአየሁ ስትሰማ፣ «ውይ! ምን ሆና ነው አራት ግድግዳ መሀል ገብታ ከግድግዳ ጋር የምትጣላው? ጠበል አልሞከራችሁም?» አለች።

እውነቱን ለመናገር ጎረቤቲቱ ያን ያህል አልተሳሳተችም። ስኳሽ የሚባለው ጨዋታ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት፣ ሎሚ የምታህል ጥቁር የላስቲክ ኳስ በራኬት ከፊት ለፊት ግድግዳ ጋር እያላተመ የሚጫወተው ነው። ኳሷ መሬት ላይ ሁለቴ ሳትነጥር መመለስ አለባት፤ ያልመለሰ ነጥብ ይቆጠርበታል። አሥራ አንድ ቀድሞ የደረሰ ዙሩን ይወስዳል፣ አሥር እኩል ከሆኑ ደግሞ በሁለት መብለጥ አለበት፤ ሦስት ዙር የወሰደ ያሸንፋል። የኋላው ግድግዳ መስተዋት ነው፤ ከሱ በላይ ተመልካች የሚቀመጥበት ሰገነት አለ። በቃ ይኸው ነው። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚጫወቱ ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ሴቶቹን ለመቁጠርማ የአንድ እጅ ጣት ይበዛል።

ጀማነሽም ብትሆን ፈልጋ አልገባችበትም። ሸዋአየሁ ከካዛንቺስ ወደ ኦሎምፒያ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የስፖርት ክለብ ውስጥ ፎጣ አጣቢ ነበረች። በ1990 ዓ.ም. ጀማነሽ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አባቷን አታውቀውም፤ ትምህርት ቤቱ ግማሽ ቀን ስለሆነ የቀረውን ጊዜ እናቷ ሥራ ቦታ ታሳልፋለች። የእጥበት ክፍሉና የስኳሹ ክፍል ግድግዳ ይጋራሉ። ቀኑን ሙሉ ጧ! ጧ! ሲል ትሰማለች። አንድ ቀን ሳሙና የነካ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፤ ጋሽ ገብረሚካኤልን ያገኘቻቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ገብረሚካኤል የክለቡ አጫዋች ናቸው። ተጫዋች አይደሉም፤ አጫዋች። የክለቡ አባላት የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ የድርጅት ዳይሬክተሮችና የኤምባሲ ሰዎች ናቸው፤ በምሳ ሰዓት ወይ ከሥራ በኋላ ይመጣሉ፤ አብሯቸው የሚጫወት ሰው ሲያጡ አጫዋቹ ይጠራል። አጫዋች ታዲያ ከባድ ሥራ ነው። ደንበኛው ላቡ ጠብ እስኪል መሮጥ አለበት፤ በጨዋታው ማብቂያ ላይ ደግሞ ማሸነፍ አለበት፤ እንደተተወለት ግን ፈጽሞ ማወቅ የለበትም። ጋሽ ገብረሚካኤል ይህን ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ አንድም ደንበኛ አልነቃባቸውም። ጀማነሽ ኳስ መልቀም ጀምራ፣ ከዚያ የተጣለ ራኬት ይዛ፣ ከዚያ እሳቸው የመቷትን ሁሉ መመለስ ስትጀምር፣ ያስተማሯት የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ነበር።

«ደንበኛን አታዋርጂው፤ አትዘኚለት» ይሏታል። «ሁለቱን የቻልሽ ቀን ሥራ ያዝሽ ማለት ነው። ኳሷን መልሰሽ መሀል ሜዳ፣ እሱ ከሚደርስባት ቦታ አንድ እርምጃ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪለት። ሮጦ ሲደርስባት ጀግና የሆነ ይመስለዋል። ሦስት ለሁለት ያሸንፍሽ። ሦስት ለዜሮ ካሸነፈሽ ይንቅሻል።»

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሳይመጣላት ሲቀር ክለቡ በአጫዋችነት ቀጠራት። በአራት ዓመት ውስጥ ከአስተማሪዋ በለጠች። አንድ የኢንሹራንስ ሰው ሚስቱን ሰገነት ላይ አስቀምጦ ሲጫወት፣ ልክ ሚስቲቱ ቀና ባለች ቁጥር ነጥብ እንዲያገባ አድርጋ ታጫውተው ነበር። ሰውየው እስከ ዛሬ በስፖርት የተካነ ይመስለዋል፤ ይምሰለው፣ ምን ከፋ።

የከፋው ሌላ ነው። ክለቡ ሳይከፈት፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋሽ ገብረሚካኤልና እሷ ብቻቸውን ሲሆኑ ይቺ ልጅ ሌላ ሰው ትሆናለች። የመታቻት ኳስ ከግድግዳው ጥግ ገብታ እዚያው ትሞታለች። ሽማግሌው አንድ ዙር ውስጥ ሁለት ነጥብ ካገኙ ቀኑ ቀንቷቸዋል። አንድ ማለዳ ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አዩዋትና፣ «ያንቺስ ነገር ግፍ ነው» አሉ። «በዓለም ላይ ይህን እየተጫወቱ የሚኖሩ ሴቶች አሉ። አሸንፈው። ስማቸው በተራ ተጽፎ፣ ከአንደኛ ጀምሮ።»

ይህን በሰማች ቀን የጀማነሽ እንቅልፍ ተሰናበታት። ከዚያ በፊት ዕድሏን ተቀብላ የምትኖር ልጅ ነበረች። አሁን ግን እያንዳንዷ ቀን ትቆጠቁጣት ጀመር። ከሰው ፊት ቆማ የምትችለውን ያህል ተጫውታ አታውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ምን እንደሆነች የሚያውቁት አንድ ሽማግሌና አራት ግድግዳ ናቸው።

ጋሽ ገብረሚካኤል ሲጠያይቁ ካይሮ ውስጥ አንድ ማሠልጠኛ አገኙ። በየዓመቱ ከአፍሪካ ስድስት ሴት ልጆች ወስዶ አሠልጥኖ ወደዚያ የዓለም ውድድር ያስገባል። አንድ ከባድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላት መመዝገብ አለባት። ጀማነሽ ሃያ ሦስት የሚሞላት የካቲት 2002 ላይ ነው። ደብዳቤ ጻፉ፤ ዝም። ደግመው ጻፉ። በ2001 ክረምት መልስ መጣ፦ ተወካያችን በመጪዎቹ ወራት ለሥራ አዲስ አበባ ትመጣለች፤ ልጅቷን አይታ ትወስናለች። ስም የለው፣ ቀን የለው።

ጥቅምት ገባ። የጋሽ ገብረሚካኤል እህት ደብረ ብርሃን አረፉና እሳቸው ለቀብር ሄዱ። ለቅሶ ነውና ቀብሮ ወዲያው መመለስ የለም፤ ሦስት ቀን ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፀሃዬ እያለከለኩ የእጥበት ክፍሉ በር ላይ ደረሱ።

«ጀማነሽ! ቶሎ በይ። አንዲት የውጭ ሴትዮ ለስብሰባ መጥታ መጫወት አማረኝ ብላለች። የቦርዱ ሰብሳቢ ራሳቸው ናቸው ደውለው የላኳት። አደራሽን፣ እንግዳ ናት። ደስ ብሏት ትውጣ።»

«እሺ፣ ችግር የለም» አለች ጀማነሽ።

ሴትዮዋ አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ግራ ጉልበቷ ታስሯል፤ ስሟን ኢናስ አለች። የመጀመሪያዋን ኳስ ስትመታ ጀማነሽ ራኬቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እንዲህ የሚመታ ሰው አይታ አታውቅም። ራሷን ረሳች። እግሯ ስል ሆነ፤ ኳሷም እንደ ማለዳው ጥግ ለጥግ ትሞት ጀመር፤ የመጀመሪያውን ዙር አሥራ አንድ ለአራት ወሰደች። ዞር ስትል አቶ ፀሃዬን በመስተዋቱ አየቻቸው። ሁለት እጃቸውን አቆላልፈው እንደ ለማኝ ቆመዋል፤ ከንፈራቸው «እንግዳ! እንግዳ!» ይላል። ጀማነሽ አፈረች። ቤትህ የመጣን ሰው እንዲህ ይደረጋል? ከዚያ በኋላ ያለውን በሙያዋ ሠራችው። አንዱን ዙር ለቀቀች፣ አንዱን በትግል ወሰደች፣ ሁለቱን ደግሞ ማንም በማያውቅበት ዘዴ አስረከበች። ሦስት ለሁለት።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ለረጅም ጊዜ ስታያት ቆየች። «ደከመሽ?» አለቻት በእንግሊዝኛ።

«አይ ማዳም፣ እርስዎ በጣም ጎበዝ ስለሆኑ ነው» አለች ጀማነሽ፤ ይቺን እንግሊዝኛ አቀላጥፋ ታውቃታለች፤ በሳምንት አሥር ጊዜ ትላታለች።

ጋሽ ገብረሚካኤል በአራተኛው ቀን ጥቁራቸውን ለብሰው ተመለሱ። ጀማነሽ እግዜር ያጥናዎት ካለች በኋላ ቀኑን ልታቀልላቸው፣ ጎበዝ ተጫዋች የሆነች አንዲት ማዳም መጥታ እንደነበር አወራችላቸው።

«ከየት አገር?»

«ከግብጽ ናት ሲሉ ገና ዛሬ ሰማሁ።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «አመታቷ የአሠልጣኝ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ነበር። «ለቀቅሽላት?» አሉ ደግሞ፤ መልሱን ከፊቷ አነበቡት። እሷም ያኔ ገባት። ክለቡን ለቅቃ፣ ያንኑ ቱታዋን እንደለበሰች፣ ሴትዮዋ አርፋበት የነበረው ሆቴል ድረስ ሮጠች። እንግዳዋ ትናንት በጠዋት በርራለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኸው ነው።

የኅዳሩ ደብዳቤ አጭር ነበር። «ልጅቷ እጅ አላት። ማሸነፍ ግን አትፈልግም። ሌላውን ሁሉ ማስተማር እንችላለን፤ ይህን አንችልም።» ጋሽ ገብረሚካኤል ሦስት ገጽ ሙሉ ጻፉ፤ ስለ አጫዋች ሥራ፣ ስለ እንግዳ፣ ስለ ለቅሶ ጭምር። ሴትዮዋ ያን ሁሉ አንብባ በሁለት መስመር መለሰች፦ ጥር ላይ የምሥራቅ አፍሪካ የሴቶች ውድድር እናንተው ክለብ ውስጥ ይደረጋል፤ እመጣለሁ። ካሸነፈች ቦታው የሷ ነው፤ ካላሸነፈች ሁለተኛ እንዳትጽፉልኝ።

ሁለት ወር ቀራት ማለት ነው። ሁለት ወር ለሰነፍ ብዙ፣ ለቸኮለ ምንም። ጋሽ ገብረሚካኤል አዲስ ትእዛዝ ሰጡ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አትለቂም፣ ለደንበኛም ቢሆን። እሷም አልለቀቀችም። የመጀመሪያው ተጎጂ ያ የኢንሹራንስ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ለአንድ፣ አሥራ አንድ ለዜሮ፣ አሥራ አንድ ለአንድ። ሰውየው ሳይታጠብ ወጣ። ሁለተኛው የጉልበት ሕመም ተነሳብኝ አለ። ሦስተኛው በቀጥታ ወደ አቶ ፀሃዬ ቢሮ ሄደ።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉ አቶ ፀሃዬ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ አስጠርተዋት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። ሰው እዚህ የሚመጣው ሊዝናና ነው እንጂ ሊዋረድ ነው? እናትሽን አስቢ እንጂ።»

«ጥር እስኪያልፍ ብቻ፣ አቶ ፀሃዬ። አንዴ ብቻ ይታገሱኝ። እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

«ጥር እስኪያልፍ ማን ደንበኛ ይቀራል?» አሉና ከሥራ አሰናበቷት። ስሟ በውድድሩ ማስታወቂያ ላይ ታትሞ ስለነበረ ብቻ ከውድድሩ አላስወጧትም።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ሰፈሩ ከሥራ መባረሯን ከሷ ቀድሞ ያወቀ ይመስል ነበር። «ሰርቃ ነው» ያሉ አሉ። እሷ ግን ሰፈሩን የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም፤ የፈራችው ሌላ ነገር ነው። ጋሽ ገብረሚካኤል ተደብቀው በማለዳ ያስገቧታል፤ እንደ ዱሮው ታሸንፋቸዋለች፤ ነገር ግን «አሁን የመጨረሻዋ ነጥብ ናት፣ ካይሮ ናት» ብለው ሲጮኹ፣ ያ አራት ዓመት ተቀጥራ የሠራችበት እጇ ኳሷን መልሶ መሀል ሜዳ፣ ከሳቸው አንድ እርምጃ ራቅ አድርጎ ያስቀምጥላቸዋል። ሳትፈልግ። አመል ያወጣል ከመሐል። ሽማግሌው ይቆጣሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ፤ እጇ እንደገና ይሰጣል። አንድ ማለዳ ያንን እጇን ከግድግዳው ጋር እስኪደማ ደበደበችው። ጋሽ ገብረሚካኤል ይዘው አስቆሟትና አብረዋት አለቀሱ።

ታኅሣሥ እያለቀ ሲሄድ ትንሽ ለውጥ መጣ። ከአሥር የመጨረሻ ነጥብ አራቱን፣ ከዚያ ስድስቱን፣ ከዚያ ስምንቱን መግደል ቻለች። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሐሙስና ዓርብ በተደረጉት የውድድሩ ጨዋታዎች አንዲት ዩጋንዳዊትንና አንዲት ታንዛኒያዊትን ሦስት ለዜሮ አሸነፈች። ዓርብ ማታ ስሟ በፍጻሜው ሰንጠረዥ ላይ ተጻፈ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከኬንያዊቷ ከአኪኒ ጋር።

ቅዳሜ ጥር አሥራ አምስት የቂርቆስ ዓመታዊ በዓል ነው። ሸዋአየሁ ነጠላዋን አጣፍታ ልጇን ይዛ ሄደች። ሕዝቡ ጢም ብሏል፤ እልልታው ሰማይ ይነካል። ጀማነሽ ከግቢው ጥግ አንዲት ዛፍ ሥር ተንበርክካ እናቷ እንዳትሰማት በሹክሹክታ ጸለየች። ሰው ለጤና፣ ለልጅ፣ ለሥራ ይሳላል። እሷ ግን፣ «ቂርቆስ፣ ትንሽ ክፋት ስጠኝ» አለች። «ብዙ አልልም። ለአንድ ቀን የምትበቃ።»

እሑድ ካዛንቺስ ተጠራርቶ መጣ። ጠበል አልሞከራችሁም ያለችው ጎረቤት ሳትቀር ከፊት ተቀምጣለች። ሕጉን የሚያውቅ ስለሌለ ኳሷ በተመታች ቁጥር ያጨበጭባሉ፤ ዩጋንዳዊው ዳኛ ዝም እንዲሉ ሦስት ጊዜ ለመናቸው። ሸዋአየሁ የበዓሉን ቀሚስ ለብሳ ጸሎቷን ታነበንባለች። ማዳም ኢናስ ሰገነቱ መሀል ላይ ማስታወሻ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ጋሽ ገብረሚካኤል መቀመጥ አልቻሉም፤ የብረቱን መደገፊያ ይዘው ቆመዋል።

አኪኒ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የማትደክም ልጅ። የመጀመሪያውን ዙር ወሰደች። ጀማነሽ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን አኪኒ፣ አራተኛውን ጀማነሽ። በአምስተኛው ዙር እኩል እኩል እየተባባሉ ዘጠኝ ለዘጠኝ ደረሱ። ጀማነሽ አንድ ኳስ ከግራው ጥግ ቀብራ አሥር ለዘጠኝ ሆነች። አንድ ነጥብ ቀራት። እጇን አየችው፤ ራኬቱን አጥብቆ ይዟል። ያን ጊዜ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩዋት ሰዎች ሁሉ ልክ እሷን እንዳዩዋት አወቀች፤ ደስታው አንገቷ ድረስ ሞላት።

ኳሷ ተመታች። ተመለሰች። እንደገና። ጀማነሽ ከኋላ ሆና በጣም ቀስ አድርጋ ከፊት ጥግ ላይ ጣል አደረገቻት፤ ለማንም የማትለቅ ኳስ ናት። አኪኒ ረጅም እግሯን ዘርግታ እንደምንም ደረሰችባትና ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጋ መታቻት፤ ግን ላብ የነካው ወለል እግሯን አዳለጠውና በአገጯ ግድግዳውን መትታ ወደቀች። ድምፁ ከታች እስከ ላይ ተሰማ። ኳሷ ደግሞ በአየር ላይ ቀስ ብላ ዞራ ወደ መሀል ሜዳ ትወርድ ጀመር፤ ለስላሳ፣ ክፍት፣ ሜዳው ሁሉ ባዶ። ያቺን ኳስ ሸዋአየሁም በመጥረጊያ ብትሆን ትገድላት ነበር።

«እኔን!» አለ ሰገነቱ፣ በአንድ አፍ።

ጀማነሽ ራኬቷን ስትጥል አላወቀችውም። ያወቀችው ተንበርክካ አኪኒን ብብቷ ሥር ይዛ ስታነሳ፣ በመዳፏ ደም የሚወርድበትን አገጭ ስትይዝ፣ «እኔን፣ እኔን፣ ተጎዳሽ እንዴ?» ስትል ነው። ከኋላዋ ኳሷ አንዴ ነጠረች። ሁለቴ ነጠረች። ከዚያ ተንከባልላ መስተዋቱ ሥር ቆመች።

ዳኛው ግራ ቢጋባም ሕጉን ተናገረ። አኪኒ የወደቀችው በራሷ ነው፤ የጀማነሽን መንገድ አልዘጋችም፤ ኳሷን መምታት ይቻል ነበር፤ ጨዋታው ይቁምልኝ ብሎ የጠየቀም የለም። ነጥቡ የአኪኒ ነው፤ አሥር እኩል። ጋሽ ገብረሚካኤል በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጮኹ፤ ዳኛው አንዴ ወስኗል። አኪኒ አገጯን በፕላስተር አሽጋ ተመለሰች። ጀማነሽ ራኬቷን አነሳች፤ ግን የተነሳው ራኬቱ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለት ነጥቦች ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጁም። አኪኒ አቅፋት ስታለቅስ፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ፣ አመሰግናለሁ ስትላት፣ ጀማነሽ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋት ነበር።

ማዳም ኢናስ ደብተሯን ዘግታ ወረደች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር።

«ባለፈው ያዘዘሽ ሰው ነበር» አለቻት። «ዛሬስ ማን አዘዘሽ?»

«ማንም» አለች ጀማነሽ።

«ልጄ ብትሆኚ እኮራብሽ ነበር» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ አኪኒን ልታነጋግር ወደ መልበሻ ክፍሉ አለፈች። ቦታው የአኪኒ ሆነ። ልጅቷ ካይሮ ሄዳ፣ በሦስተኛው ዓመት ስሟ በዚያ የዓለም ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ሰማንያዎቹ ላይ ወጣ። ጀማነሽ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ አቶ ፀሃዬ ራሳቸው ሰው ልከው አስጠሯትና፣ የክለቡ ቦታ ለግንባታ ተፈልጎ እስኪፈርስ ድረስ ሰባት ዓመት አጫወተች። ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ ገና አላወቀችም፤ ያወቀችው ካይሮ እንደቀረ ብቻ ነው።

ቀና ብላ ጋሽ ገብረሚካኤልን ፈለገች። ይቆጡኛል ብላ ነበር፤ እንዲቆጡም ፈልጋ ነበር። ሽማግሌው ግን ከመደገፊያው ላይ ተጎንብሰው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ታች ዘርግተው ልክ የወደቀ ሰው ሊያነሱ እንዳሉ ቆመዋል። እጃቸው መዘርጋቱን እንኳ የረሱት ይመስላል።

«እኔም ብያለሁ፣ ጀማነሽ» አሉ። «እኔም እኔን ብያለሁ። ምን ብዬ እቆጣሻለሁ?»

ሰፈሩ ወርዶ ከበባት። አንዱ ይስማታል፣ አንዱ ይመርቃታል። ማሸነፏን መሸነፏን በቅጡ ያልገባቸውም ነበሩ። «እንዲህ ነው እንጂ ሰው!» ትላለች ያቺ ጎረቤት፤ «ወርቅ ልጅ! ወርቅ!» ጀማነሽ ለደንበኛ እንደምትስቅ እየሳቀች ሁሉን ተቀበለች። በመጨረሻ እናቷ ደረሰች። ሸዋአየሁ ዕንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ በኩራት ነው የምታለቅሰው። ልጇን በሁለት እጇ ትከሻዋን ይዛ፣ «ደግ አደረግሽ ልጄ» አለቻት። «ሰው ወድቆ እያዩ ማለፍ የት አለ? ደግ አደረግሽ። እግዜር አይቶሻል።»

«ሴትዮዋ ነበረች ያቺን ኳስ ስመታ ማየት የነበረባት!»

ጩኸቱ ከጀማነሽ አፍ መውጣቱን ለማመን ሰዉ ትንሽ ጊዜ ፈጀበት። በዕድሜዋ እናቷ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ደግ ሁኚ ብሎ ማን ለመነኝ? እኔ ደግ መሆን አልፈለግኩም፣ እማዬ! አንዴ ብቻ፣ አንዲት ኳስ ብቻ መምታት ነበር የፈለግኩት! ልጅቷ እንደሆነ ብቻዋን ትነሳ ነበር! ራሷ ትነሳ ነበር እኮ!»

የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ሸዋአየሁ እጇን ከልጇ ትከሻ ላይ አላነሳችም፤ ምን እንዳጠፋች ግን ገና አልገባትም።

«እሺ ልጄ» አለች። «እሺ። በቃ፣ እሺ።»